በአዘዞ ማን አዘዘ

ቁልፉ እኔ ጋ ነበር፣ ማኅተሙም እኔ ጋ፣
ደረሰኝ፣ መዝገቡ፣ የጆንያው ዋጋ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሰሊጥ መጋዘን
ፍሬ አልጎደለብኝ፣ ትክክል ነው ሚዛን።
ስልሳ ሁለት ሴቶች ሰሊጥ የሚያበጥሩ
ጠዋት በብዕሬ ገብተው ይቆጠሩ፣
ማታ በብዕሬ ወጥተው ይቆጠሩ።
አምስት ደቂቃ ያረፈደች፣ ቀይ መስመር።
ሁለቴ ያረፈደች፣ የግማሽ ቀን ብር።
ሦስቴ ያረፈደች... ተዉኝ አልናገር።

«ሥራ አስኪያጁ» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።
ከማራኪ አዘዞ በታክሲ ስወርድ
ከፊት ወንበር በቀር ሌላ አልቀመጥም።

ከዚያ የኅዳር ዝናብ መጣ፣
ማንም ያልጠራው፣ ያለወቅቱ የወጣ።
ከሽንፋ የደረሰ ሁለት ተሳቢ ጭነት
ግቢው ላይ ተራግፎ፣ ገና ሳይገባ ቤት፣
የመጋዘኑ ቆርቆሮ ተገነጠለና፣
መብራቱም እንደ ልማዱ ሄደና፣

እኔ ምን አደረግሁ? መዝገብ ገለጥሁ።
«የማን ተራ ነው ዛሬ?» ብዬ በባትሪ ፈለግሁ።
ተረኛ የለም። ሰዓት አልፏል፣ ሁሉም ሄዷል።
የትርፍ ሰዓቱን ቅጽ ባለቤቱ ይፈርማል፣
ባለቤቱ ባሕር ዳር ነው፣ ስልኩ ተዘግቷል።

ሙጭት የምትባል ሴት አለች
(ቁጥር አርባ ሦስት፣ ቀይ መስመር ሁለት)
ታክሲ አጥታ በሩ ጥግ ተጠልላ ነበር።
ቁልፍ አልጠየቀችኝም። ፈቃድም። ብርም።
ጫማዋን አውልቃ ጭቃው ውስጥ ገባች፣
የሸራውን አንድ ጫፍ ጨብጣ ቆመች፣
ሸራ በአንድ ሰው እጅ እንደማይዘረጋ እያወቀች፣
«ይህን እኔ ይዣለሁ!» ብላ ተጣራች።

ከአጥሩ ማዶ ጥጋቡን በስሙ፣
እናናን በስሟ፣ ልጆቹንም ከነእናታቸው።
ወገቧን የሚያማትን «አንቺ ባትሪ ያዢ» አለቻት፤
ወገቧን እንደሚያማት እኔ የት አውቄ?
ሰው በዝናብ መጣ፣ ራሱን በፌስታል አስሮ፣
ባጃጅ ነጂው ሳይቀር መብራቱን ወደ ግቢው አዙሮ።
እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ አራተኛው ጫፍ እኔ እጅ ነበር፤
መዝገቡ ብብቴ ሥር ርሶ ቀለሙ ይወርድ ነበር።

ሌሊቱ ሲገፋ ዘበኛው ጋሽ ፈንቴ፣
በልጅነቱ አቋቋም ጀምሮ የተወ፣
ከጎኔ ቁጢጥ አለ።
«መሪ ማለት» አለኝ፣ «በማኅሌት ውስጥ
ቀድሞ ድምፅ የሚያወጣ ነው፣ ሌላው ይቀበለዋል።
ቢሰበርም ሰው ፊት የሚሰበረው የእሱ ድምፅ ነው።
ማስተዳደርስ? ከማደር ነው የወጣ።
አንተ ጌታዬ አሥራ አንድ ዓመት አስተዳድረህ
ዛሬ ገና አደርህ።»
ሳቅሁ። ቆይቶ አመመኝ።

ሲነጋ ግን፣ ይህን ብዘለው ውሸት ይሆናል፣
ሸራ ያዡ ሁሉ ደክሞት ተበትኗል።
ማን ነበረ? ማን አልነበረም? ለማን ይከፈላል?
ሙጭት መጣች፣ መዳፏን ገመድ ልጦታል፣
«ጻፈው» አለችኝ። «ካልጻፍኸው
የሰው ላብ ከዝናቡ ጋር ይሄዳል።»
እርጥቡን መዝገብ ፀሐይ ላይ ዘረጋሁ። ሃያ ሰባት ስም።
«የገባበት ሰዓት» የሚል ሳጥን አለው፣
«ለምን መጣ» የሚል ሳጥን ግን የለም።

በሦስት ሰዓት ባለቤቱ ደወለ።
«ሰባት ጆንያ ብቻ ነው የራሰው?» አለ።
«ተመስገን! ለመሆኑ፣ ማን አዘዘ?»

ቀና ብዬ አየሁ። ሙጭት ወንፊቷን ይዛ ከቦታዋ አለች፤
ልብስ ልትቀይር ሄዳ አምስት ደቂቃ አርፍዳ ነው የገባች።
ቀዩ እስክሪብቶዬ ጣቴ ላይ ፈዘዘ።
«አዘዞ ላይ?» አልሁት፤ «ማንም አላዘዘ።»